የበርገን ጃኬት በጊቤ ቁልቁለት

በርገን፣ ኖርዌይ
ሰኔ 12 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት ገዛኸኝ
ቡታጅራ

የሰማይና የምድር ጌታ ሰላሙን ያብዛልሽ። እናትሽ እትዬ ሙሉና ወንድምሽ አቤኔዘር እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከዚህ አገር ዝናብ ጋር ተላምጄ አለሁ።

ገዛኸኝ ካረፈ ስምንት ወር ሆነ። አባትሽ የአጎቴ ልጅ ነው ቢባልም በአንድ መደብ ተኝተን ያደግን ወንድሜ ነበር። ቀብሩ ላይ አለመቆሜ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ልጆቹን ልጆቼ ብዬ ነው የምጽፈው፤ በምጽፈው ውስጥ ቁጣ ብታገኚም የአባት ቁጣ ነው ብለሽ እለፊኝ።

አባትሽ ከውኃ ጉድጓድ ቆፋሪው ድርጅት በጨረታ የገዛውን ያንን ትልቅ ሞተር ሳይክል አንቺ እንደምትነጂው አቤኔዘር በስልክ ነገረኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። «የአባባን የወፍጮ ጥገናም እሷ ይዛዋለች። ወፍጮ በቆመበት ሁሉ መፍቻዋን በጎን ሳጥኖቹ ጭና ትሄዳለች» አለኝ። እኔ እዚህ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው፤ እሑድ እሑድ የምነዳው የራሴ ሞተርም አለኝ። ሁለት መቶ ኪሎ የሚመዝን ነገር ሰው ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። እውነቱን ጻፊልኝ። የት የት ትሄጃለሽ? ምን ለብሰሽ? እናትሽስ ምን ትላለች?

አጎትሽ ዮናታን


ቡታጅራ
ሐምሌ 23 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ዮናታን

እርስዎን በሰው አገር የጠበቀ አምላክ ይክበር። እናቴን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። አቤኔዘር ማስተማሩን ቀጥሏል፤ ወሬ ማቀበሉንም እንዳላቆመ ከደብዳቤዎ ተረዳሁ።

እውነቱን ጻፊ ስላሉኝ እነሆ። አባባ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ፓምፕ የምፈታው፣ ኩሽኔታ የምቀይረው እኔ ነበርኩ። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በጆሮው ይከታተላል። «ችንጋው ረግቧል፣ እንደገና ሳቢው» ይለኛል ሳያይ። እሱ ሲያርፍ ወፍጮዎቹ መበላሸታቸውን አልተዉም። አረቅጥ ላይ ወፍጮ ሲቆም ሴቶቹ ገብስ ተሸክመው ሦስት ሰዓት ይጓዛሉ። መኪና በገበያ ቀን ብቻ ነው የሚወጣው። ታዲያ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ይቁም ነው የሚሉኝ?

በደጋው በኩል አረቅጥና ጉመር እወጣለሁ። በማዶ በኩል ደግሞ ጉብሬ፣ ወልቂጤ፣ ከዚያም ወደ ጊቤ ቆላ እወርዳለሁ። የምለብሰው የአባባን ካፖርት ነው፤ ሲዘንብ ከላዩ ላስቲክ እደርባለሁ። ሄልሜቱ ከሞተሩ ጋር የመጣ ነው፣ ደህና ነው። ያስቸገረኝ እጄ ነው። ባለፈው ሳምንት አረቅጥ ስደርስ ጣቶቼ ደርቀው ብሎን መያዝ አቃተኝ። አንዲት እናት እጄን በሁለት እጆቿ መሀል ይዛ ግማሽ ሰዓት አሸችልኝ። እዚያ አገር ወፍራም ጓንት ከተገኘ አንድ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

እናቴ ስወጣ ትጸልያለች፣ ስመለስ ትቆጣለች። ሥራውን ግን አልተውም።

ልጅዎ ረድኤት


በርገን
መስከረም 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንላችሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጓንት ብቻ አልላክሁም። ለአገልግሎት ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው እጅ አንድ ትልቅ ካርቶን ይደርስሻል። ውስጡ ውኃ የማያስገባ ወፍራም ጃኬትና ሱሪ አለ፤ ክርኑና ጉልበቱ ላይ ጠንካራ መከላከያ ተሰፍቶበታል። ለሞተሩም ከፊት የሚገጠም ሰፊ የፕላስቲክ መስታወት አለ። ነጂውን እስከ ሄልሜቱ ጫፍ ስለሚሸፍን ነፋስም ዝናብም ደረትሽን አያገኘውም።

አንድ ነገር አደራ። ይህን ሳትለብሺ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ እንዳትሄጂ። ዚፑን እስከ አንገት። ቃል ግቢልኝ።

ዮናታን


ቡታጅራ
ኅዳር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለጋሼ ዮናታን

እጅዎ ይባረክ፤ የሰጡኝን በእጥፍ ይክፈልዎት።

ካርቶኑ በሰላም ደረሰ። መስታወቱን ራሴ ገጠምኩት። በማግስቱ አረቅጥ ወጣሁ። ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ ካፊያው እንደ መርፌ ይወርድ ነበር፤ እኔ ግን ከውስጥ ደረቅ ነበርኩ። ስደርስ እጄ እንደሞቀ ነበርና ወፍጮውን ሳልቀመጥ ፈታሁት። ያቺ እጄን ያሸችልኝ እናት ጃኬቱን እየዳሰሰች «ይሄስ ቤት ነው» አለች። እውነቷን ነው።

አሁን በጋው እየገባ ነው። የጊቤ በጋ ምን እንደሚመስል ያስታውሱ ይሆን? እናንተ ዘንድ ሲሞቅ ጃኬቱን ምን ታደርጉታላችሁ? መስታወቱንስ ታነሡታላችሁ? ቃል ከመግባቴ በፊት ይህን ልወቅ ብዬ ነው።

ልጅዎ ረድኤት


በርገን
ጥር 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለረድኤት

ጌታ በመውጣትሽና በመግባትሽ ይጠብቅሽ።

የጠየቅሽኝ ቀላል ነው። እዚህም በጋ አለ። ሐምሌ ላይ ሃያ ዲግሪ ሲደርስ ወጣቶቹ በሸሚዝ ይነዳሉ። እኔ ግን አንድ ዚፕ አልከፍትም። ሙቀት ያደክም ይሆናል እንጂ ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው ብርድና አስፋልት ነው። የጊቤን ሙቀት ልጅ ሆኜ በጭነት መኪና አልፌበታለሁ፤ ይቻላል።

አሁንም ቃልሽን እጠብቃለሁ።

ዮናታን


ቡታጅራ
ሚያዝያ 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለጋሼ ዮናታን

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሁላችንም አለን። ጃኬቱ ደህና ነው። እናቴ ሰላም ብላለች።

ረድኤት


በርገን
ሰኔ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለረድኤት

ጤና ይስጥልኝ።

አራት ወር ጠብቄ አራት መስመር ደረሰኝ። ፊደሉ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ይመስላል። ስለ ጃኬቱ ጤና ነግረሽኛል፤ ስለ ራስሽ ጤና አልነገርሽኝም። ስለዚህ አቤኔዘር የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ደወልኩ።

በግራ እጅሽ ነው የጻፍሽልኝ። መጋቢት 19 ጊቤ ቁልቁለት ላይ ወድቀሽ የቀኝ ትከሻሽ አጥንት ተሰብሯል። ሽማግሌ ተሰብስቦ ሞተሩ ይሸጥ ብሏል፤ አንቺ እምቢ ብለሻል። ይህን ሁሉ ከሌላ ሰው ሰማሁ።

ጃኬቱን አልለበስሽውም ማለት ነው። ሌላ ምክንያት አይታየኝም። ረድኤት፣ በቃ። ሞተሩን ሽጪው። ይህን የምለው በራሴ ብቻ አይደለም።

ዮናታን


ቡታጅራ
ሐምሌ 17 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለጋሼ ዮናታን

ከሩቅ ሆነው የሚያስቡልኝን አምላክ ያስብልዎት። ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነው፤ ማንበቡ እንዳያስቸግርዎት።

ሳልነግርዎት የቀረሁት ፈርቼ አይደለም። እርስዎን እንዳላሳዝን ብዬ ነው። አልለበስሽውም ስላሉኝ ግን ዝም አልልም። ለብሼው ነበር። ዚፑ እስከ አንገቴ ድረስ ተዘግቶ ነበር፤ ጓንቱም፣ ሱሪውም፣ ሁሉም። የወደቅሁትም ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊቤ ቆላ ውስጥ ሸረፋ የሚባል ሰው ወፍጮ አለው። በቆሎው ተከማችቶ፣ ሕዝቡ ተሰልፎ ወፍጮው ቆመ። ከወልቂጤ በአምስት ሰዓት ተነሣሁ። ቁልቁለቱን ጀምሬ ብዙ ሳልሄድ መንገድ ሥራ ስለነበረ ከአምስት የጭነት መኪና ኋላ ቆምኩ። በሰው እርምጃ ነበር የምንወርደው። እርስዎ እንደሚያውቁት ያ መስታወት የተሠራው ነፋስን ለማገድ ነው። አገደው። የሞተሩ ትኩሳት ከታች እየወጣ በጭኔና በመስታወቱ መሀል ይጠራቀም ጀመር፤ መውጫ የለውም። መጀመሪያ ላቡ እስከ ቦት ጫማዬ ወረደ። ልከፍተው እጄን ዚፑ ላይ አድርጌ የእርስዎ አደራ ትዝ አለኝና ተውኩት። ከዚያ ላቤ ቆመ። ብርድ ብርድ አለኝ፤ እዚያ ሙቀት ውስጥ። ከፊቴ ያለው መኪና ሁለት ሆኖ ታየኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ፊቴ ላይ የሚፈስስ ውኃ ነው።

ውኃውን ያፈሰሰልኝ ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ሾፌር ሽባባው ነው። «ይቺ ልጅ በቁሟ ተቀቅላለች» እያለ ጃኬቱን ገፈፈልኝና ጥላ ውስጥ አስተኛኝ፤ ወልቂጤ ያደረሰኝም እሱ ነው። ሐኪሙም ያንኑ ነው ያለው፦ አጥንቱ በመውደቄ ተሰበረ፣ የወደቅሁት ግን በሙቀት ነው። «ሃያ ደቂቃ ብትዘገዪ ስለ አጥንትሽ አናወራም ነበር» አለኝ። ጋሼ፣ ሙቀትም ሰው ይገድላል።

ሐቁን ለመናገር፣ ጃኬቱ ባይኖር ክርኔ ጠጠሩ ላይ ይቀር ነበር። ክርኑ ላይ ያለው መከላከያ ተላጠ እንጂ ቆዳዬ አልተነካም። ስለዚህ አልጠላሁትም። ያልተስማማሁት ከአዛዡ ጋር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። የእናቴ ወንድም አጎቴ በርጋ ከጉብሬ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን። አጎቴ በርጋ «ሴት ልጅ ሞተር ላይ መውጣቷ ድሮም ልክ አልነበረም፤ እግዜር አሳየን። ይሸጥ» አለ።

«አቤኔዘር አምና ከሚኒባስ ሲወርድ እግሩን ሲሰበር እግዜር ምን አሳየን? ሚኒባስ ይሸጥ ያለ ሰው ነበር?» አልኩ።

«አፍሽን ያዢ» አለች እናቴ።

አንደኛው ሽማግሌ ግን ወደ መሬት እያየ ሳቁን ዋጠ።

ሆኖም አቤኔዘር ሙስተፋ የሚባል ነጋዴ ይዞ መጣ፤ ሞተሩን ሊያሳየው። እኔ ትከሻዬ ታስሮ አልጋ ላይ ነበርኩ። ሊያስነሡት ግማሽ ሰዓት ታገሉ፣ እምቢ አለ። ሙስተፋ «ሬሳ ነው የምትሸጡልኝ?» ብሎ ሄደ። ሞተሩን እሳት ጭሮ የሚያስነሣው ካንዴላ የት እንደሄደ የጠየቀኝ ሰው የለም። ትራሴ ሥር ነበር።

አጥንቴ እስኪገጥም ቁጭ ብዬ ያንን ልብስ ተመለከትኩት። ወልቂጤ ገበያ ውስጥ ሰፍያ የምትባል ልብስ ሰፊ አለች፤ ወሰድኩላት። ገለባብጣ አየችውና «ይሄን የሰፋው ሰው ጎበዝ ነው። ጊቤን ግን አያውቅም» አለች። በሁለቱም ብብት ሥርና በጀርባው በኩል ቀደደችልኝና የአጎበር ጨርቅ ሰፋችበት። ከላዩ ቁልፍ ያለው ክዳን አደረገችለት፤ አረቅጥ ስወጣ እዘጋዋለሁ፣ ወልቂጤን ሳልፍ እከፍተዋለሁ። የክርንና የትከሻውን መከላከያ አልነካችውም። መስታወቱን በመጋዝ ቆረጥኩት፤ አሁን ደረቴ ጋ ያበቃል፣ ነፋሱ ከላዩ ይመጣል። በጭኔ በኩል የሞተሩን ትኩሳት ወደ ውጭ የሚመልስ ላሜራ አጥፌ ገጠምኩ። ቆላ ስወርድ ውስጥ የምለብሰውን ካናቴራ ወልቂጤ ላይ ውኃ እነክረዋለሁ። መኪና ከተሰለፈ አልሰለፍም፤ ዛፍ ፈልጌ እቆማለሁ።

ግንቦት 27 በዚያው ቁልቁለት ወረድኩ። ያ የወደቅሁበት ቦታ ጋ ስደርስ ክዳኖቹ መከፈታቸውን ሁለት ጊዜ ዳሰስኩ፤ አልዋሽዎትም። ነፋሱ ግን በብብቴ ገብቶ በጀርባዬ ይወጣ ነበር። የሸረፋን ወፍጮ አስነሥቼ በዚያው ቀን ተመለስኩ።

ሞተሩን አልሸጥም። እርስዎን አከብራለሁ፣ አልሸጥም። «በራሴ ብቻ አይደለም» ያሉት ደግሞ ማንን ነው? አቤኔዘርን ከሆነ መልሴን ያውቀዋል።

ልጅዎ ረድኤት


በርገን
ኅዳር 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት

አራት ወር አልጻፍኩም። ጀምሬ የቀደድኩት ብዙ ነው።

መጀመሪያ ይቅርታ። ሃያ ዲግሪ በጋ ብዬ በኩራት የጻፍኩልሽን ሳስብ አፍራለሁ። የማላውቀውን ሙቀት እንደማውቅ ሆኜ አስተማርኩሽ፤ አንቺም እጅሽ ዚፑ ላይ ሆኖ አከበርሽኝ። ያ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ማንን ነው ላልሽው፣ አባትሽን ነው። ከማረፉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ከቡታጅራ ቴሌ ደወለልኝ። «ዮናታን፣ እኔ ስሞት ያንን ሞተር አሽጥልኝ። እኔ ልነግራት አልቻልኩም። ስትነዳው ሳያት ደስ ይለኛል፤ ከበሩ እስክትታጠፍ ቆሜ አያታለሁ። ከታጠፈች በኋላ ግን እስክትመለስ እህል አይወርድልኝም። አንተ ሩቅ ነህ፤ ብትጠላም አንተን ትጥላህ» አለኝ። እኔም እሺ አልኩት።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ሽጪ ልልሽ ነበር፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር ያልኩሽም እንደማላውቅ ለመምሰል ነው። ስለ ጣቶችሽ የጻፍሽውን ሳነብ አቃተኝ። ቃሌን በጃኬት ለወጥኩት። ከሸፈንኳት ገዛኸኝ አይወቅሰኝም ብዬ። ስትወድቂ ሁለታችሁንም የበደልኩ መሰለኝ።

አሁን አውቀሻል። የአባትሽ ቃል ነው። ምን ትያለሽ?

ዮናታን


ቡታጅራ
የካቲት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለጋሼ ዮናታን

ስለነገሩኝ ጌታ ይባርክዎት። ለእናቴ አነበብኩላት። ብዙ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ይህን ጻፍኩ።

አባባ እንደዚያ ማለቱን አምናለሁ። በሩ ላይ ቆሞ እንደሚያየኝም በሞተሩ የኋላ ማያ መስታወት አየው ነበር፤ እህል እንደማይወርድለት ግን አላውቅም ነበር። ቢነግረኝ ኖሮ ቶሎ እመለስ ነበር፤ መሄዴን ግን አልተውም ነበር። ያስተማረኝ እሱ ነው። የመፍቻ ሳጥኑን ወርሻለሁ፣ ጆሮውን ወርሻለሁ፤ ፍርሃቱን ግን አልወርስም። እርስዎም እሺ ያሉት እሱን ነው። እኔ እሺ አላልኩም፣ አልልምም። ቃል አፍርሻለሁ ብለው እንቅልፍ አይጡ፤ የተቃወምኩት እኔ ነኝ፤ ተጠያቂዋም እኔ ነኝ።

አሁን ደግሞ የሚያስቅዎትን ልንገርዎት። አጎቴ በርጋ ከወልቂጤ በታች ቆላው ውስጥ በድርሻ የያዘው ወፍጮ ነበረው። በጥር ተሰበረ። ከአዲስ አበባ መካኒክ ቢያስጠራ «ከሁለት ሳምንት በኋላ» አሉት። ሦስት ቀን ጠብቆ ቤታችን መጣ። ገብቶ ስለ እናቴ ጉልበት ጠየቀ፣ ስለ አየሩ አወራ፣ ስለ አቤኔዘር ትምህርት ቤት አወራ። በመጨረሻ ወደ ግድግዳው እያየ «ያ ሞተርሽ ይሠራል?» አለኝ።

«ሬሳ ነው ብለውታል» አልኩት።

«እስቲ ተይ።»

ቦታውን ስለማላውቀው መሪ ያስፈልገኝ ነበር። መኪና አልነበረም። የአቤኔዘርን ሄልሜት አድርጎ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከኋላዬ ወጣ። እስከ ጉብሬ ድረስ ጀርባዬን በጡጫ እየነካ «ቀስ በይ» ይለኝ ነበር። ቀስ አልኩ። ወልቂጤን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምርም «ቀስ በይ» አለ፤ አሁንም ቀስ አልኩ። ነፋሱ ቆመ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። ትንሽ ቆይቶ ኮቱን ሲከፍት ተሰማኝ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና የሸሚዙን ቁልፍ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው ይመስል፣ «እስቲ ትንሽ ጨምሪበት» አለኝ።

ጨመርኩ። ነፋሱ መጣ። የአጎቴ በርጋ ኮት እስከ ታች ድረስ ከኋላችን ይውለበለብ ነበር።

ወፍጮውን በማግስቱ አስነሣሁት። የሰፈሩ ሴቶች እልል ሲሉ እሱ «የእህቴ ልጅ ናት» እያለ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ያ ሳቁን የዋጠው ሽማግሌ «እንግዲህ ሞተሩ ይሸጥ ያልነው እንዴት ይሁን?» ብሎ ሲጠይቀው ሰማሁት። አጎቴ በርጋ «እኛ ብለናል። እሷ እምቢ ብላለች። ምን እናድርጋት?» አለ።

ልጅዎ ረድኤት


በርገን
ግንቦት 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለረድኤት

ደብዳቤሽን ጋራዥ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ባልደረቦቼ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁኝ፤ በእነሱ ቋንቋ ማስረዳት አቃተኝ።

እሺ። ሌላ የምለው የለኝም፤ እሺ።

ለመስቀል እመጣለሁ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ አገሬ ገብቼ መስከረም 10 የገዛኸኝ መቃብር ላይ እደርሳለሁ ብዬ ትኬት ይዣለሁ። አቤኔዘር መኪና ተከራይቶ ቦሌ ይጠብቀኝ። መስኮቱ በደንብ የሚዘጋ ይሁን፤ ለዝናቡም ለአቧራውም።

ዮናታን


ቡታጅራ
ሰኔ 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለጋሼ ዮናታን

መንገድዎን ያቀናልዎት ጌታ ስሙ ይመስገን። እናቴ ካሁኑ ቤቱን ማስለሰን ጀምራለች።

መኪናው ይመጣል። ሻንጣዎን፣ እናቴንና አቤኔዘርን ይይዛል። እርስዎ ግን በመኪና አይመጡም። ሽማግሌ ቢሰበሰብም ይህ አይለወጥም። እኔ ቦሌ በሞተር እጠብቅዎታለሁ።

አለባበስዎን ልንገርዎት። ከአለምገና በኋላ ፀሐይ ይሆናል፤ ቡኢ ስንደርስ ዝናብ ሊይዘን ይችላል። በማግስቱ ከመቃብሩ መልስ አረቅጥ እንወጣለን፤ ሹራብ ይያዙ። በሦስተኛው ቀን ጊቤ እንወርዳለን፤ ስስ ሸሚዝ ይያዙ፣ ውኃ እንነክረዋለን። ሄልሜት የራስዎን ያምጡ። ዚፕ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት መንገድ ላይ እነግርዎታለሁ፤ እርስዎ እሺ ይላሉ።

በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ብዙ አስፋልት ነድተው ይሆናል። ቁልፉን ግን እንዳይጠይቁኝ። የምነዳው እኔ ነኝ።

ልጅዎ ረድኤት ገዛኸኝ